ከመጋዘን እስከ ደጃፍ፤ የእሽግ ማድረሻ መስመር እንዴት ይታቀዳል?

በበይነ መረብ የሚካሄድ ግብይት፣ ገዢው በስልኩ ዕቃ መርጦ ካዘዘበት ቅጽበት በኋላ ወደ ጎማ፣ ወደ ነዳጅና ወደ ሰው ጉልበት የሚመለስ ሥራ ነው። ዕቃው ከተመረተበት አገር እስከ ወደብ፣ ከወደብም እስከ ትልቁ መጋዘን በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከብዙ ሺህ ዕቃዎች ጋር በአንድ ኮንቴይነር ተጭኖ ስለሚሄድ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚደርሰው የጉዞ ወጪ ጥቂት ነው፤ ከከተማው መጋዘን ተነሥቶ እስከ ገዢው ደጃፍ የሚደረገው ጉዞ ግን ርቀቱ ቢያጥርም አንድ ዕቃ ለአንድ ሰው በአንድ በር የሚሰጥበት በመሆኑ ወጪው ከፍ ይላል። የሎጂስቲክስ ባለሙያዎች፣ ማለትም ዕቃ የማጓጓዝና የማከማቸት ሥራን የሚያጠኑና የሚመሩ ሰዎች፣ ይህን የጉዞውን ማብቂያ ክፍል «የመጨረሻው ማይል» ይሉታል፤ ከጠቅላላው የማጓጓዣ ወጪ ግማሽ ያህሉን እንደሚወስድም በሙያው ዘንድ በሰፊው ይገመታል።

ይህን ወጪ ለመቀነስ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች ሁሉ ቀዳሚው የመስመር ዕቅድ ነው፤ ይኸውም የቀኑ እሽጎች ለየትኞቹ ተሽከርካሪዎች እንደሚከፋፈሉ፣ እያንዳንዱም ተሽከርካሪ ደንበኞቹን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያዳርስ አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ስለሚመስል፣ ካርታና ኮምፒዩተር ያለው ድርጅት ሁሉ የፈታው አድርገው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ይሁንና ከስድሳ ዓመት በላይ የዘለቀው የመስኩ ታሪክ የሚያሳየው፣ የሒሳብ ዘዴዎቹ እጅግ ከረቀቁ በኋላ እንኳ ዕቅዱን በመንገድ ላይ የሚሠራ ያደረገው ከሹፌሮች የተገኘ ዕውቀት መሆኑን ነው፤ የትኛው ግቢ በጓሮ በኩል እንደሚከፈት፣ የትኛው መንገድ ጠዋት ጠዋት እንደሚጨናነቅ፣ የትኛው ደንበኛ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንደሚገኝ የሚያውቀው በየቀኑ የሚመላለሰው ሰው ነውና።

የችግሩ ክብደት ከቁጥር ይጀምራል። አንድ ሹፌር 3 እሽግ ብቻ ይዞ ከመጋዘን ቢወጣ ደንበኞቹን በ6 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊያዳርስ ይችላል፤ እሽጎቹ 10 ሲሆኑ አማራጮቹ 3,628,800 ይደርሳሉ፣ 15 ሲሆኑ ደግሞ ከ1.3 ትሪሊዮን ይበልጣሉ። 20 ደንበኞች ላሉበት መስመር አማራጮቹን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሾ አጭሩን እንዲያወጣ የታዘዘ ኮምፒዩተር፣ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን አማራጭ ቢመረምር እንኳ ሥራውን ለመጨረስ 77 ዓመታት ያስፈልጉታል። በትልልቅ ከተሞች አንድ የእሽግ መኪና በቀን ከ100 በላይ ደንበኞችን ሊያዳርስ ስለሚችል፣ አማራጭን ሁሉ የመቁጠር መንገድ ከመነሻው የተዘጋ ነው።

በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ «የተጓዥ ነጋዴ ችግር» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ጥያቄ፣ አንድ ነጋዴ የተሰጡትን ከተሞች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ጎብኝቶ ወደ ተነሣበት የሚመለስበትን አጭሩን ዙር ማግኘትን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1954 በራንድ ኮርፖሬሽን ይሠሩ የነበሩት ጆርጅ ዳንትዚግ፣ ሬይ ፉልከርሰንና ሰልመር ጆንሰን 49 የአሜሪካ ከተሞችን የሚያዳርስ ዙር አገኙ፤ ከእርሱ ያጠረ ሊኖር እንደማይችልም በማስረጃ አረጋገጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ ዳንትዚግ ከጆን ራምሰር ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ጥያቄውን ወደ ዛሬው የእሽግ ሥራ የሚያቀርበውን እርምጃ ወሰደ፤ ከአንድ ዴፖ ተነሥተው ለብዙ ማደያዎች ነዳጅ የሚያከፋፍሉ ቦቴዎችን ስምሪት መርምሮ፣ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ የመጫን አቅሙ የተወሰነ በመሆኑ ደንበኞችን በቅደም ተከተል ከማሰለፍ በፊት ለተሽከርካሪዎቹ ማከፋፈል እንደሚያስፈልግ፣ ሁለቱም ውሳኔዎች ደግሞ ተነጣጥለው ሊወሰኑ እንደማይችሉ አሳየ። ሪቻርድ ካርፕ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጥናት የዚህ ዓይነቶቹ ጥያቄዎች አንዳቸው በፍጥነት ቢፈታ ሌሎቹም በፍጥነት እንዲፈቱ በሚያደርግ የባሕርይ ትስስር የተያያዙ መሆናቸውን አመለከተ። ለእነርሱ ሁሉ የሚሠራ ፈጣን የስሌት ዘዴ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም፤ ክሌይ የሒሳብ ተቋምም ከ2000 ጀምሮ ለመልሱ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አስቀምጧል።

ነገር ግን የእሽግ ድርጅት ሊቃውንቱ መልስ እስኪያገኙ ሊጠብቅ አይችልም፤ መኪኖቹ ጠዋት መውጣት አለባቸው። ስለዚህ በተግባር የሚሠራባቸው ዘዴዎች ፍጹም አጭር የሆነውን መስመር ለማግኘት ቃል የማይገቡ፣ ሆኖም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ለእርሱ በጣም የቀረበ መስመር የሚሰጡ ተቀራራቢ ዘዴዎች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ለመረዳት የሚቀለውና እስከ ዛሬም የሚያገለግለው ክላርክና ራይት እ.ኤ.አ. በ1964 ያቀረቡት የቁጠባ ዘዴ ነው። ለስሌት ያህል መጋዘኑ ቃሊቲ ነው፣ አንዱ ደንበኛ ቦሌ በ12 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው ገርጂ በ13 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛሉ፣ በሁለቱ ደንበኞች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለብቻው ደርሶ መመለስ በድምሩ 50 ኪሎ ሜትር ይፈጃል፤ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማዳረስ ግን 12፣ 3 እና 13 ተደምረው 28 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚጠይቅ ቁጠባው 22 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዘዴው በደንበኞች ጥንድ ሁሉ መካከል ያለውን እንዲህ ያለ ቁጠባ አስልቶ ከትልቁ ጀምሮ እያያያዘ፣ የተሽከርካሪው አቅም እስኪሞላ ድረስ መስመሩን ያሳድጋል። በዚህ መልክ የተገኘው መስመር ደግሞ በሌላ ቀላል ሐሳብ ይታረማል፤ በካርታ ላይ ሲሣል ራሱን በራሱ የሚያቋርጥ መስመር ካለ፣ የተቋረጡትን ሁለት ክፍሎች ፈትቶ በሌላ አቅጣጫ ማገናኘት ምንጊዜም ቀጥታ ርቀቱን ያሳጥራል። ሊንና ከርኒግሃን በ1973 ይህንኑ ሐሳብ አስፋፍተው፣ ብዙ ክፍሎችን በአንድ ጊዜ የሚፈታና የሚያገናኝ ዘዴ አበጁ፤ ከዘመኑ ምርጥ የመስመር ማቀጃ ሶፍትዌሮች አንዳንዶቹም በዚሁ መሠረት ላይ የተገነቡ ናቸው።

ከስሌቱ ዘዴ ይልቅ ወጪውን አብዝቶ የሚወስነው የደንበኞቹ መቀራረብ መሆኑ በንግዱ ዓለም በቂ ትኩረት ያላገኘ ጉዳይ ነው። ቢርድዉድ፣ ሃልተንና ሃመርስሊ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳረጋገጡት፣ በአንድ አካባቢ በዘፈቀደ የተበተኑ ብዙ ነጥቦችን የሚያዳርሰው አጭሩ ዙር ርዝመት ከአካባቢው ስፋትና ከነጥቦቹ ብዛት ብዜት ካሬ ሥር ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ የምጣኔው ቁጥርም በቀጥታ ርቀት 0.71 ገደማ ነው። ይህ ሕግ በአዲስ አበባ ላይ ቢሞከር፣ የከተማዋን ስፋት በ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይዞ፣ በመላ ከተማዋ ለተበተኑ 50 ደንበኞች የሚያስፈልገው ዙር 113 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለአንድ ደንበኛም 2.3 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ደንበኞቹ 200 ሲሆኑ ግን ጠቅላላው ርዝመት ወደ 225 ኪሎ ሜትር ቢያድግም ለአንዱ ደንበኛ የሚደርሰው ርቀት ወደ 1.1 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። መንገዶች ስለሚጠማዘዙና በወንዝና በገደል ስለሚቋረጡ እውነተኛው ርቀት ከዚህ ይበልጣል፤ ምጣኔው ግን አይለወጥም። ደንበኛው አራት እጥፍ ሲሆን የእያንዳንዱ ማድረሻ ጉዞ በግማሽ ይቀንሳል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ለትናንሽ ሻጮች እጅግ ጠቃሚ ነው። በቀን ሠላሳና አርባ ትዕዛዝ የሚቀበል የበይነ መረብ ሱቅ «በየትኛውም የከተማዋ ክፍል በዚያው ቀን እናደርሳለን» ሲል፣ ሳያውቀው በጣም ውዱን መስመር መርጧል። ይኸው ሱቅ ትዕዛዞቹን አጠራቅሞ ሰኞና ሐሙስ ወደ ቦሌና የካ፣ ማክሰኞና ዓርብ ወደ ኮልፌና ንፋስ ስልክ ላፍቶ ቢልክ፣ ምንም ዓይነት ሶፍትዌር ሳይገዛ የደንበኞቹን መቀራረብ ይጨምራል። ለደንበኛው የሚሰጠው የሰዓት ቀጠሮም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ብቻ ዕቃ እቀበላለሁ የሚል አንድ ደንበኛ፣ ጎረቤቱ ጠዋት ዕቃ ቢቀበልም፣ ተሽከርካሪው ወደዚያው ሠፈር ሁለተኛ እንዲመለስ ያስገድዳል፤ ማሪየስ ሶሎሞን እ.ኤ.አ. በ1987 የሰዓት ገደብ ላላቸው መስመሮች ያዘጋጃቸው 100 ደንበኞችን የያዙ የመፈተኛ ችግሮችም አዳዲስ ዘዴዎች እስከ ዛሬ የሚመዘኑባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ደንበኛው ጠባብ ሰዓት ሲመርጥ ተጨማሪ ክፍያ፣ ሰፊ ሰዓት ሲመርጥ ቅናሽ ማድረግ ትክክለኛ የወጪ ስሌት እንጂ ሻጩ ራስ ወዳድ ስለሆነ የሚያደርገው ነገር አይደለም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ካርታው እውነትን እንደሚናገር፣ ርቀትም ከጊዜ ጋር አንድ እንደሆነ የሚቆጥር ነው፤ ይህ ግምት ምን ያህል እንደሚያሳስት በግልጽ የታየው በአሜሪካው የእሽግ ድርጅት በዩፒኤስ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 በሲያትል የተመሠረተው ይህ ድርጅት ኦሪዮን የተባለውን የመስመር ማቀጃ ሥርዓት ለመገንባት ከአሥር ዓመት በላይ ወስዶበታል፤ በ2016 ሥርዓቱን በአሜሪካ ባሉት 55,000 ገደማ መስመሮቹ ላይ አዳርሶ ሲጨርስ በዓመት 100 ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም 160 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞና 10 ሚሊዮን ጋሎን ነዳጅ እንደሚያድንለት አስታውቋል። ድርጅቱ በዚህ ላይ የደከመበትን ምክንያት በአንድ ስሌት ይገልጸው ነበር፤ እያንዳንዱ ሹፌር በቀን አንድ ማይል ብቻ ቢቆጥብ በዓመት እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ይድናል።

ይህ ውጤት የተገኘው በአልጎሪዝም፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ ደረጃ በደረጃ በሚከተለው የስሌት መመሪያ ብቻ አልነበረም። በገበያ የሚገኙት ካርታዎች መንገድን እንጂ የግቢ መግቢያን፣ የማራገፊያ በርንና በግል ይዞታ ውስጥ ያለን መተላለፊያ በትክክል ስለማያሳዩ፣ ድርጅቱ ሹፌሮች የሚያውቁትን እየጨመረ ካርታውን ማረም ነበረበት። ሁለተኛው እንቅፋት ይበልጥ የሚያስተምር ነው። ስሌቱ ጥቂት ሜትሮችን ለመቆጠብ ሲል የመስመሩን ቅደም ተከተል በየቀኑ ይቀያይር ስለነበር፣ ሹፌሮቹ የለመዱት የሥራ ሥርዓት ተናጋ፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ዕቃ ይቀበሉ የነበሩ የንግድ ቤቶችም የሚጠብቁትን ሰዓት አጡ። ስለሆነም አዘጋጆቹ ከአጭርነት በተጨማሪ የመስመሩን ቋሚነት ራሱን እንደ አንድ ዋጋ ያለው ነገር በስሌቱ ውስጥ አስገቡ፤ ሹፌሩ የሚያውቀውንና ደንበኛው የሚጠብቀውን ቅደም ተከተል ለጥቂት ሜትር ሲባል ማፍረስ ኪሳራ እንጂ ትርፍ እንዳልሆነ ተቀበሉ ማለት ነው። በዚሁ ድርጅት ዘንድ ወደ ግራ መታጠፍን በተቻለ መጠን የማስቀረት ልማድም አለ፤ በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ከፊት የሚመጡትን እስኪያሳልፍ መቆም ስለሚኖርበት ጊዜና ነዳጅ ያባክናል፣ ለግጭትም ይጋለጣል። ኢትዮጵያም ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ አገር በመሆኗ ይኸው ምክንያት ለአዲስ አበባ መስቀለኛ መንገዶችም ያገለግላል።

የሹፌሮች ዕውቀት የስሌቱ ተቀጥላ መሆኑ ቀርቶ የጥናቱ ዋና ጉዳይ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 አማዞን ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ማዕከል ጋር ባዘጋጀው ውድድር ነው። ለተወዳዳሪዎቹ ከሎስ አንጀለስ፣ ከሲያትል፣ ከቺካጎ፣ ከቦስተንና ከኦስቲን አካባቢዎች የተሰበሰቡ 6,112 እውነተኛ የማድረሻ መስመሮች ተሰጧቸው፤ ጥያቄውም አጭሩን መስመር ፈልጉ የሚል ሳይሆን፣ ልምድ ያላቸው ሹፌሮች የሚመርጡትን ቅደም ተከተል ተንብዩ የሚል ነበር። አንደኛ የወጣው ቡድን አባላት ማንነት ለጉዳዩ ልዩ ትርጉም ይሰጠዋል። ዊልያም ኩክ እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 85,900 ነጥቦች ያሉትን የተጓዥ ነጋዴ ችግር እስከ መጨረሻው የፈታ ሊቅ ነው፤ ዴንማርካዊው ኬልድ ሄልስጋውን የሊንና የከርኒግሃንን ዘዴ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ያደረሰ ሰው ነው፤ ሦስተኛው ሽቴፋን ሄልድ በጀርመን የቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነው። አጭሩን መንገድ በማግኘት ረገድ በዓለም ከሚጠቀሱት መካከል የሆኑት እነዚህ ሰዎች ውድድሩን ያሸነፉት፣ ሹፌሮቹ በትክክል የሄዱባቸውን መስመሮች አጥንተው፣ አብዛኞቹ አንድን ቀጠና ሳይጨርሱ ወደ ሌላው እንደማይሻገሩና ቀጠናዎቹንም የሚያዳርሱበት የራሳቸው ሥርዓት እንዳላቸው ተገንዝበው፣ ይህን ልማድ በስሌታቸው ውስጥ እንደ ገደብ በማስገባታቸው ነው። ከኃያል አልጎሪዝም ጋር የሹፌሩ ልማድ ተደምሮ ነው መልሱ የተገኘው።

ሹፌሩ ከአጭሩ መንገድ ለምን ይርቃል ለሚለው ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ የመኪና ማቆሚያ ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የከተማ ጭነት ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በሲያትል ባደረጉት ጥናት፣ የንግድ ተሽከርካሪዎች ከጉዞ ጊዜያቸው በአማካይ 28 በመቶ ያህሉን የሚያጠፉት ማቆሚያ ፍለጋ በመዞር መሆኑን ደርሰውበታል። ይኸው ላቦራቶሪ ከመኪናው በር እስከ ተቀባዩ እጅ ያለውን ርቀት «የመጨረሻው 50 ጫማ» ብሎ ለይቶ ያጠናል፤ ሹፌሩ በእግሩ የሚሄድበት፣ ዘበኛ የሚያነጋግርበት፣ ሊፍት የሚጠብቅበት ይህ ክፍል በየትኛውም የመንገድ ካርታ ላይ አይታይምና። ልምድ ያለው ሹፌር መኪናውን አንድ ጊዜ አቁሞ አምስት ደንበኞችን በእግሩ ማዳረስን ሊመርጥ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ ግን በእያንዳንዱ በር እንዲቆም ያዘዋል።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ችግሩ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እስካሁን የተወሱት ዘዴዎች ሁሉ ደንበኛው ያለበት ቦታ መታወቁን እንደ ተሰጠ ነገር ይወስዳሉና። በከተማዋ የቤት ቁጥር ቢኖርም ብዙ ጊዜ የመንገድን ተራ ስለማይከተል 215 ቁጥርን ያገኘ ሰው 216ን ከጎኑ አገኛለሁ ብሎ መተማመን አይችልም። ስለዚህ አድራሻ የሚነገረው በታወቁ ምልክቶች ነው፤ ከማደያው ወረድ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ፊት ለፊት ባለው ኮብልስቶን ገባ ብሎ። እሽጉን በሞተር ሳይክል የሚያደርሰው ሞተረኛ ከምልክቱ ደርሶ ይደውላል፣ ደንበኛው ስልክ እስኪያነሣ ይጠብቃል፣ ቀሪውን መንገድ በስልክ እየተመራ ይጨርሳል፤ ስልኩ ካልተነሣ ደግሞ ዕቃው ወደ መጋዘን ይመለሳል፣ የጉዞው ወጪም በእጥፍ ይቆጠራል። ይህ አሠራር የሚሠራው በሞተረኛው ትጋትና ትውስታ ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አንድ ቤት የሚሄድ ሞተረኛ ማንንም ሳይጠይቅ ይደርሳል። ሥራውን ሲለቅ ግን ያ ሁሉ ዕውቀት አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪውም ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ድርጅቱም ለዚያው ትምህርት ሁለተኛ ይከፍላል።

ስለሆነም እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ውድ ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት መቅደም ያለበት ይህን ዕውቀት መመዝገብ ነው። ሞተረኛው ዕቃውን በሚያስረክብበት ቅጽበት ስልኩ ያለበትን የሳተላይት መገኛ፣ ማለትም የጂፒኤስ ነጥብ እንዲይዝ ማድረግ ተጨማሪ ድካም አይጠይቅም፤ ነጥቡ ላይ የበሩ ቀለም፣ የብሎኩና የፎቁ ቁጥር፣ ሞተር የሚቆምበት ቦታ፣ በዝናብ ጊዜ የማያስኬደው መንገድ ሲጨመርበት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ድርጅቱ ከተማው ያልሠራለት የአድራሻ መዝገብ ይኖረዋል። የጂፒኤስ ነጥብ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ኮንዶሚኒየሞች በግልጽ ያሳያሉ፤ በጀሞም ሆነ በሰሚት ተመሳሳይ መልክ ባላቸው ሕንፃዎች መካከል አሥር ሜትር የሳተ ነጥብ ወደ ሌላ ብሎክ ይመራል፤ አራተኛ ፎቅና ምድር ቤትም በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ናቸው።

ሌላው መፍትሔ ከኢትዮጵያውያን ልምድ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። በ1886 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ፖስታ በየቤቱ ደብዳቤ ከማደል ይልቅ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ላይ የተመሠረተ አሠራርን አስለምዷል፤ ዛሬም በብዙ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ራስጌ ላይ የሚገኘው የፖስታ ሣጥን ቁጥር የዚያ አሠራር ምልክት ነው። በመስመር ዕቅድ ዓይን ሲታይ የፖስታ ሣጥን በመቶዎች የሚቆጠሩ ማድረሻዎችን ወደ አንድ የሚያጠቃልል ብልህ ዘዴ ነው፤ የጀርመኑ ዲኤችኤል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየሠፈሩ ያቆማቸው፣ ደንበኛው በኮድ ከፍቶ እሽጉን የሚወስድባቸው ቁምሣጥኖችም ይህንኑ መርሕ ይከተላሉ። በአዲስ አበባ የሠፈር ሱቅ፣ ፋርማሲ ወይም የኮንዶሚኒየም ጥበቃ ቤት ተመጣጣኝ ክፍያ እየተከፈለው የእሽግ መቀበያ ቢሆን፣ ስልክ ያልተነሣለት ሞተረኛ ዕቃውን ይዞ አይመለስም፣ ደንበኛውም ከሥራ ሲመለስ ይወስዳል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው ቴሌብርና ሌሎች የሞባይል ክፍያዎች ይህን ያቀልሉታል፤ ክፍያው አስቀድሞ ካለቀ ተቀባዩና ሞተረኛው ፊት ለፊት ተገናኝተው ዝርዝር ብር መፈላለግ አይኖርባቸውም።

የአድራሻ መዝገቡ ሲያድግ ግን ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ይከተላል። ማን የት እንደሚኖር፣ በስንት ሰዓት ቤቱ ሰው እንደማይኖር፣ ምን እንደሚገዛ የያዘ ሰነድ በተሳሳተ እጅ ቢገባ ጉዳቱ ቀላል አይሆንም፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም እንዲህ ያለ መረጃ የሚሰበስቡ ድርጅቶችን ይመለከታል። የደንበኛን ስልክ በሞተረኛው የግል ስልክ ውስጥ ተከማችቶ እንዲቀር መተው በየቦታው የሚታይ፣ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

ከሁሉ በላይ በዕቅዱ ውስጥ በትክክል መግባት ያለበት በእያንዳንዱ በር የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት የሚከፈለው በሞተረኛው ጉልበትና ደኅንነት ነው። አንድ ሶፍትዌር ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ለመሄድ 8 ደቂቃ፣ ለማስረከብ ደግሞ 4 ደቂቃ ብሎ ቢይዝ፣ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን 40 እሽግ ይደለድላል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ መውረድ፣ ስልክ መደወልና መጠበቅ ሲጨመር የማስረከቢያው ጊዜ 8 ደቂቃ ከሆነ ግን፣ በዚያው ቀን በእርጋታ ሊዳረሱ የሚችሉት 30 ብቻ ናቸው። የቀሩት 10 እሽጎች ወይ ለነገ ይተላለፋሉ፣ አለዚያም በእሽግ ብዛት የሚከፈለው ሞተረኛ ምሳውን ትቶ፣ በመኪኖች መካከል እየተሽሎከለከለ፣ በቀይ መብራት እየተፈተነ ያደርሳቸዋል። የማስረከቢያን ጊዜ በፎቅ፣ በዕቃው ክብደትና በአካባቢው ለይቶ መመዝገብ፣ የቀኑንም ድልድል በዚያ ልክ ማድረግ፣ ምንም ዓይነት የረቀቀ ሒሳብ አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገው ከሥራ የተመለሰውን ሞተረኛ እያንዳንዱ ማድረሻ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ጠይቆ መልሱን በሚቀጥለው ቀን ዕቅድ ውስጥ ማስገባት ነው።